ላቭ በግ እና የጋሼ መኪና

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኳስም አናወራም። የምናወራው ስለ ሞተ ተባይ ነው። አትሳቁ! ከምናከብረው ሰው ሊያቆራርጠን ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አትላንታ ውስጥ አንድ አፓርታማ የምንጋራ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ባለፈው ግንቦት መግቢያ ላይ አብሮ አደጋችን ኦርላንዶ ሲያገባ ለሚዜነት ተጠራን። መንገዱ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የእኛ መኪና ደግሞ ከሰፈሩ ሱቅ ካለፈች ማጓራት የምትጀምር ናት። ጎረቤታችን ጋሼ ይህን ሰምተው የራሳቸውን ቁልፍ አምጥተው ሰጡን።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋሼ 19 ዓመት ሙሉ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙና ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥቁሯ ካምሪ በሕይወታቸው የመጀመሪያዋ አዲስ መኪናቸው ነች። በየሦስት ወሩ ቅዳሜ ጠዋት ጥላ ሥር አቁመው ሰም ሲቀቧት በመስኮት እያየን «ጋሼ ልጃቸውን እያጠቡ ነው» ብለን እንስቅ ነበር።

ዓርብ በጠዋት ተነሳን። ሜከንን፣ ቫልዶስታን አልፈን ፍሎሪዳ ገባን። እኩለ ቀን አልፎ ጌንዝቪል ስንቃረብ ጥቁር ዝናብ የመሰለ ነገር መስታወቱን ይደበድበው ጀመር። ላቭ በግ ይሏቸዋል። በግስ አይደሉም፤ ትከሻቸው ላይ ቀላ ያሉ፣ ወንድና ሴት ተጣብቀው የሚበሩ ትንኝ መሰል ነፍሳት ናቸው። አይናከሱም፣ አይናደፉም። በዓመት ሁለቴ፣ በሚያዝያና ግንቦት፣ ከዚያም በነሐሴ መጨረሻና መስከረም፣ በጅምላ ይወጣሉ። የጋለ አውራ ጎዳናና የመኪና ጭስ ይስባቸዋል። ነዳጅ ስንቀዳ አንድ ሰው «የጌንዝቪሉ ዩኒቨርሲቲ በስህተት የፈጠራቸው ናቸው» ብሎ ሲምል ሰማን። ተረት ነው። ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ ያኔ ጂን መነካካት የሚባል ነገር የለም። ከመካከለኛው አሜሪካ ወዲህ እየተስፋፉ በገዛ ክንፋቸው የመጡ ናቸው።

ሰርጉ ደመቀ፣ እኛም ጨፈርን። መኪናዋ ግን ከነተባዩ ፀሐይ ላይ ተገትራ ሰነበተች። የተጨፈለቀ ተባይ ሙቀት ላይ ሲበሰብስ ፈሳሹ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ቀለም ሊበላ ይችላል። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሰኞ ከሰዓት አትላንታ ደርሰን ስናያት ኮፈኗ ጤፍ የተበተነበት መስሏል። ደነገጥን። ጋሼ ከሥራ ሳይመለሱ እንድረስ ብለን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በባልዲ በጠበጥን፤ የድስት ስፖንጅ አምጥተን በአረንጓዴው ሻካራ ጎኑ ፈተግናት። ብረቱ ገና ይፋጃል። ተባዩ ለቀቀ፣ ሰሙም አብሮ ለቀቀ! ውሃ ስናፈስባት ድሮ እንክብል እንክብል እያለ ይንሸራተት የነበረው ተዘርግቶ ቀረ። ፀሐይ ሲያርፍባት ደግሞ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ታየን። እጃችን ዝሎ ስለነበር ባምፐሩን፣ ጋሼ ፓራውልት የሚሉትን፣ ሳንነካው ተውነው።

ከዚያ ምን አደረግን? እስኪመሽ ጠበቅን። ጨለማው ይሸፍንልናል ብለን! ቁልፉን በሁለት እጃችን አስረክበን፣ አመስግነን ሹልክ አልን።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ አልተቆጡም። «ልጆች፣ ማታ ያመጣችኋት ለምንድን ነው?» ብቻ አሉ። ሦስታችንም መሬት መሬት አየን። አንደኛችን «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብሎ ሳይጨርስ ባልዲ አስይዘውን ወረዱ።

ባልነካነው ባምፐር ላይ አሳዩን። መጀመሪያ በመዳፋቸው ነክተው አለመጋሉን አረጋገጡ። የማይክሮፋይበር ፎጣ ለብ ያለ ውሃ ነክረው አለበሷትና አሥር ደቂቃ ዝም አሉ። ሲደርቅ ደግመው አራሱት። «ገብስ እንኳ ሳይርስ አይፈተግም» አሉን። ከዚያ የመኪና ሻምፖ በለስላሳ ጨርቅ፣ ሳይጫኑ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፤ በየጠረጋው ጨርቁን ወደ ንጹሕ ገጹ እያጠፉ። እምቢ ላለው ደግሞ ሰም እንደማይነካ የተጻፈበት የተባይ ማስለቀቂያ ረጭተው፣ ሳይደርቅ አጠቡት።

እየሠሩም ያስረዱናል። የወጥ ቤት ሳሙና የተሠራው ቅባት እንዲያነሳ ነው፤ ሰም ደግሞ የቅባት ዘመድ ነው። እሳቸው የሚቀቡት ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘውን ካርናውባ ነው። ከሰሙ ሥር ያለችው ግልጽ ቀለም ከፀጉር የምትሳሳ ናት። ሰሙ ከሄደ የሚቀጥለው ተባይ የሚያርፈው እሷው ላይ ነው።

ሲጨርሱ ባምፐሩ ላይ ውሃ አፈሰሱ፤ እንክብል እንክብል አለ። ቀጥለው ኮፈኑ ላይ አፈሰሱ፤ ተዘርግቶ ቀረ። ምንም አልተናገሩም፤ እኛም።

ቅዳሜውን አዲስ ሰም ቀባንላት። ታበራለች። ፀሐይ ሲወጣ ግን ጭረቱ ዛሬም ይታያል። ለማጥፋት ግልጿን ቀለም በፖሊሽ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ጋሼ «የቀረችላትን አላስፍቅም» ብለው እምቢ አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው። እኛ ያፈሰስነውን እንኳ መልቀም አልቻልንም።

ለመጪው መስከረም ታምፓ ላይ ሌላ ሰርግ ተጠርተናል። ቁልፍ መጠየቁ አሳፍሮን በአውቶቡስ ልንሄድ ስንመካከር ጋሼ ሰምተው ኖሯል። ደረጃው ላይ አስቆሙንና እንዲህ አሉን፦

«ላቭ በግ ማታ አይበርም፤ ስትሄዱ ማታ ሂዱ። መኪናዬን ስትመልሱልኝ ግን በቀን ይሁን።»