ተፈትተው የቀሩት ውሾች

በሀብሩ ገጠር ውሻ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር አያድርም። ድርሻው ደጁ ነው፤ ከአጥሩ ሥር ወይም ከበረቱ አፍ ይተኛል፤ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጧት ከቤተሰቡ የተረፈች ቁራሽ ትወረወርለታለች። በመርሳና በወልድያ ከተሞችም ልማዱ እምብዛም አይለይም። በሌሎች አገሮች ባለቤት ላጡ ውሾች የሚሠራው ዓይነት መጠለያ በእኛ ሰፈር አይታወቅም፤ መጠለያው የሰው ደጅ ነበር። ደጁ ራሱ ሰው ያጣ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል ብሎ አስቀድሞ ያሰበ አልነበረም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ ሀብሩ በዘለቀ ጊዜ ሕዝቡ በውርጌሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ወደ ደሴ ጎረፈ። ሕፃን ያዘለ፣ ሽማግሌ የደገፈ፣ አህያ የሚነዳ ነበር፤ ውሻ ያስከተለ ግን ጥቂት ነው። በጭነት መኪና ላይ ለሰው የታጣ ቦታ ለውሻ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሩን ሲዘጋ አንድ ነገር መወሰን ነበረበት፤ ይኸውም ውሻውን እንደ ታሰረ ቤት ጠባቂ አድርጎ መተው ወይም ፈትቶ መልቀቅ ነው። እኔ በማውቃቸው ቤቶች አብዛኞቹ ተፈትተዋል። ጎረቤታችን እትየ፣ የቋጠሩትን ስንቅ መሬት አስቀምጠው፣ «ቤቱን ይዝረፉት፤ እሱ ግን ታስሮ በረኃብ አይሞትም» በማለት የመቻልን ገመድ በቢላዋ ቆረጡት።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 እንግሊዝ ጦርነት ባወጀች ሰሞን፣ አንድ ቦምብ ገና ሳይወድቅ፣ የለንደን ሰዎች በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ውሾቻቸውንና ድመቶቻቸውን ራሳቸው ወስደው እንዳስገደሉ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ገመድ መቁረጥ ደግ ሥራ ነው። ይሁንና የተፈታ ውሻ የሚበላው ያስፈልገዋል።

በታኅሣሥ 2014 ወደየቤታችን ስንመለስ ውሾቹ በመንጋ ሆነው ሲመሽ ከወንዙ በኩል ይወጡ ነበር። ምን በልተው እንደ ከረሙ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም። በየማሳውና በየቦዩ ሳይቀበር የቀረ የሰው ሬሳ ነበርና። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። መቻል ግን ለአራት ወራት ቁራሽ ካልወደቀበት ደጅ አልራቀም፤ የተቆረጠው ገመድ ጫፍ ካንገቱ እንደ ተንጠለጠለ እዚያው አገኘነው። ተረቱን የተረተው ሰው ይህን ሳያይ ቀርቷል መሰለኝ።

በቅሬያችን ስብሰባ ላይ የውሾቹ ነገር ተነሣ። መርዝ ያለበት ሥጋ በሌሊት መጣል በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ብዙዎች ይኸው ይደረግ አሉ። እትየ የወፍጮ ቤት ጥራጊ እየቀቀሉ መመገብ መጀመራቸው ሲነገር፣ ልጃቸውን ከማሳ ለቅመው የቀበሩ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄን የበላ ውሻ በመንደሬ እንጀራ አይበላም» አሉ። ዝም ተባለ። ለዚያ ንግግር የሚሆን መልስ እኔም አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ቆየት ብሎ የተናገርኩት ስለ በሽታው ብቻ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከተነከሱት መካከል ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ሲፈልግ፣ ወልድያ ለወራት መብራት አጥታ፣ ሆስፒታሏም ተዘርፎ ነበር። መርዝ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። የሞተው ውሻ የለቀቀውን ስፍራ ሌላ ያልታወቀ ውሻ ይይዘዋል፤ ሴቷም በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፤ በመርዝ የሞተውን የበላ ጥንብ አንሣም ይመረዛል። ከመቶ ውሾች ሰባው ከተከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ለመከተብ ደግሞ ውሻው ሰው የሚያስጠጋ መሆን አለበት፤ ሰው የሚያስጠጋውም የሚያበላው ሲያገኝ ነው። የእትየ ድስት ከርኅራኄ በላይ ሥራ ነበረው ማለት ነው።

የሀብሩ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ሃይማኖቱ ያዛል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ኃጢአቱ እንደ ተማረለትም ያስተምራል። በስብሰባው ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሡት አንድ ሸኽ ነበሩ። እኔም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ ብዬ ጨመርኩ፤ ሸኹም ፈገግ አሉ። መርዙ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ልጃቸውን ያጡት አባት አልተስማሙም፤ አልተቃወሙምም፤ ተነሥተው ወጡ።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015 በጋ፣ አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ መጣ። እትየ አሥራ አንድ ውሾች ድስታቸው ዙሪያ ሰብስበው ጠበቁት። ወጣቱ በመዝገቡ ላይ የባለቤቱን ስም መጻፍ ነበረበት። መቻል ላይ ስማቸውን ጻፈ።

«ይኼስ የማን ነው፣ እናቴ?»

«የሄዱ ሰዎች ነው።»

«ስማቸው?»

«አልተመለሱም ልጄ። የቅሬው ነው በል።»

ለአሥሩም «ቅሬ» ተብሎ ተጻፈ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ በመዝጋቱ፣ በየዓመቱ መታደስ ያለበት ክትባት በጊዜው አልደረሰም። ከወንዙ ማዶ የሚያድሩት አራቱ ግን ቀድሞውንም አልተከተቡም፤ የሚወረወርላቸውን የሚያነሡት ሰው ዞር ካለ በኋላ ነው።