ከቢቸና እስከ ደብሊን በር

አንባቢ ሆይ፤ ዓባይን ተሻግረህ ደጀን ስትደርስ የደብረ ማርቆስን አውራ ጎዳና ትተህ ወደ ቀኝ ብትታጠፍ፥ የጤፉን ማሳ ግራና ቀኝ እያየህ ቢቸና ትገባለህ። ከዚያ አልፈህ ብትጓዝ ደብረ ወርቅን፥ ቀጥሎም ሞጣን ታገኛለህ። ጥንት የቅኔ ተማሪ ከሩቅ አገር ተነሥቶ በቢቸና አውራጃ ወዳለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሲመጣ፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይገባ ነበር። ኬላ ጠባቂው የሚይዘው ነጋዴውን ነበር እንጂ ተማሪውን ማን ወረቀት ይጠይቀዋል?

ዛሬ አንድ የአየርላንድ ዜጋ ይህን አገር ለማየት ቢፈልግ ሥራው ቀላል ነው። ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት ይይዛል፤ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለቪዛ ያመለክታል፤ ገንዘቡን ይከፍላል፤ በቦሌ ይገባል። እርግጥ ቪዛ አገር ያስገባል እንጂ መንገድ አይከፍትም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ብዙ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደዚያ እንዳይሄዱ መክረዋል።

አሁን ደግሞ ጉዞውን ገልብጠን እንየው። አንተ የቢቸና ልጅ ነህ እንበል፤ ደብሊን ካለ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕድል አግኝተሃል። የአየርላንድ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአዲስ አበባ አለና ጉዳዩ እዚያ የሚጀመር ይመስልሃል። ወዳጄ፥ የሚጀመረው ቢቸና ቀበሌ ነው!

ፓስፖርት ለማውጣት የቀበሌ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እናትህ የወለደችህ በ1992 ዓ.ም. በከተራ ዕለት፥ ጥር 10 ቀን ነው እንበል። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2000 ነው። «ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው» ብሎ የሚቸኩል ጸሐፊ ግን 1999 ብሎ ይጽፍልሃል። ሰባት የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ስምንት ይሆናል። የትምህርት ማስረጃህ 2000፥ ፓስፖርትህ 1999 ቢል፥ ቪዛ መርማሪው ከተራን ስለማያውቅ ሁለት ሰው እንደሆንህ አድርጎ ይጠረጥርሃል።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ በአባታችን ስም እንጠራለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭው ቅጽ ግን የግድ ይጠይቃል። ጸጋዬ የሚለውንም አንዱ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት፥ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። ስለዚህ በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየተመለከትህ በሁሉም ላይ አንድ አድርገው። የአማርኛ ወረቀት ሁሉ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይኑረው።

ከሦስት ወር በላይ ለሚቆይ ትምህርት የምትጠይቀው የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። ክፍያህን፥ መተዳደሪያ ገንዘብህንና ትምህርትህ ሲያልቅ አገርህ እንደምትመለስ ያስረዳል የምትለውን ሁሉ ታቀርባለህ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ፤ አየርላንዳዊው ቱሪስት ለእኛ እመለሳለሁ ብሎ እንደዚህ ሲማል አላየሁም። የአባትህ መሬትና የእናትህ ናፍቆት በቅጹ ላይ ቦታ የላቸውም።

አንድ ነገር አትርሳ። ለፈረንሳይ ወይም ለጀርመን የተሰጠህ የሸንገን ቪዛ አየርላንድ አያስገባህም፤ አየርላንድ ከሸንገን ማኅበር ውጭ ናት። የራሷን ቪዛ ብትይዝም እንኳ እስከ በር የሚያደርስ ነው እንጂ የመግባቱን ፈቃድ የሚሰጠው ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ የቆመው ሹም ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤና የገንዘቡን ማስረጃ ከሻንጣው ጋር አትስደደው፤ በእጅህ ያዘው። ሹሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ለምን እንደመጣህና ምን ያህል እንደምትቆይ ነው።