«ኢሚዲየት» ማለት ወዲያው ብቻ ነው?

በዚህ እትም የምንነጋገረው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ነገሩ የቋንቋ ክፍል ተማሪዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ቃሉ ግን ከፈተና ወረቀት ተነስቶ እስከ ጀናዛ ድረስ ስለሚከተለን እኛንም የምህንድስና ተማሪዎችን ያገባናል። ቃሉ «ኢሚዲየት» ነው።

አብዛኞቻችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስንማር «ወዲያው» ወይም «አስቸኳይ» ተብሎ ነው የተነገረን። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ ሲፈታ «መካከል የሌለው» ማለት ነው። በሁለት ነገሮች መካከል ምንም ካልገባ ኢሚዲየት ናቸው። ያልገባው ጊዜ ከሆነ «ወዲያው» እንላለን፣ ቦታ ከሆነ «አጠገብ»፣ ዘመድ ከሆነ «የቅርብ»፣ ምክንያት ከሆነ ደግሞ «ቀጥተኛ»። እኛ ለየአንዳንዱ የተለየ ቃል ስላለን እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ሲጠቀልለው ግራ ያጋባል።

ጊዜውም ቢሆን ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። እኛ «በቅርቡ ተመረቀ» እና «በቅርቡ ይመረቃል» እንደምንለው ሁሉ እነሱም ቃሉን ለኋላውም ለፊቱም ይጠቀሙበታል። ከአሁኑ አሚራችን ቀጥሎ በፊት የነበረው አሚር «ኢሚዲየት ፓስት» ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ግን የትናንት ያህል ብናስታውሰውም አይደለም፤ መካከል ላይ ሰው አለ።

«ወዲያው» ብቻ ብሎ የያዘ ተማሪ የሚቸገረው በታሪክ ትምህርት ነው። ጣሊያን አገራችንን የወረረችበት «ኢሚዲየት ኮዝ» ምንድን ነው ሲባል መልሱ የወልወል ግጭት ነው። ግጭቱ በኅዳር 1927 ተነሳ፣ ወረራው በመስከረም 1928 ተጀመረ። አሥር ወር አለፈ ማለት ነው፤ ታዲያ «ወዲያው» የታለ? ዋናው ምክንያት ነው እንዳንልም ጣሊያን ከዐድዋ ጀምሮ ቂሟን ይዛ ቆይታለች። ወልወል ኢሚዲየት የተባለው በሰንሰለቱ ላይ የመጨረሻው ቀለበት ስለሆነ ነው፤ በእሱና በጦርነቱ መካከል ሌላ ሰበብ አልተተከለም።

በእኛ ትምህርት ክፍል ሁለቱንም ዓይነት እናገኛለን። የአፈር ሜካኒክስ ላይ «ኢሚዲየት ሰትልመንት» ሲባል ሕንፃው ሲጫንበት አፈሩ እዚያው በዚያው የሚሰጥመውን ነው። ሸክላ አፈር ከሆነ በውስጡ ያለው ውኃ ቀስ እያለ እየተጨመቀ ሲወጣ ለዓመታት ሊሰጥም ይችላል፤ ያኛው ሌላ ስም አለው። እዚህ ላይ የልጅነት ትርጉማችን ሠራ። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ያሉት ወንድሞቻችን የሚማሩት «ኢሚዲየት አድሬሲንግ» ግን ከፍጥነት አይነሳም፦ ቁጥሩ ትእዛዙ ውስጥ ራሱ ስላለ ፕሮሰሰሩ ሊያመጣው ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም ማለት ነው።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ለዚህ ቃል ጥሩ ጓደኛ አለን፤ «ሙባሺር»። በቴሌቪዥን የቀጥታ ስርጭት ሲሆን ከጥግ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። ሥሩ «በሸራ»፣ ቆዳ ነው፤ ቆዳ ለቆዳ የተነካካ እንደማለት። በፊቅህም ድርጊቱን በእጁ የፈጸመው ሙባሺር ይባላል፣ ሰበብ የሆነው ደግሞ ሙተሰቢብ። አንዱ ጉድጓድ ቢቆፍርና ሌላው ሰው ገፍቶ ቢጨምርበት የሚጠየቀው ገፊው ነው። ለእኛስ ይኸኛው ከላቲኑ ይልቅ ነገሩን ይገልጸዋል።

አሁን ወደ ዘመድ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስነሳንም እሱ ነው። «ኢሚዲየት ፋሚሊ» በፈቃድ መጠየቂያ ቅጾች ላይ የሚገኝ ሐረግ ነው። በተለምዶ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ ማለት ነው። አቆጣጠሩ እንግዳ አይደለም። በፈራኢድ አባት በሕይወት ካለ አያት አይወርስም፤ አባት መካከል ላይ ቆሞ ይጋርደዋል፣ ሐጅብ እንለዋለን። ለንብረት ክፍፍል እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መስመር ያስፈልጋል። ግን ያው ሸሪዓ ስለ ማሳደግ ሲሆን ሌላ በር ይከፍታል። የሐምዛ (ረ.ዐ) ልጅ ማን ጋር ትደግ በሚለው ዐሊ፣ ጃዕፈርና ዘይድ (ረ.ዐ) በተከራከሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር የፈረዱት የልጅቱ አክስት፣ የእናቷ እህት፣ ሚስቱ ስለነበረች ነው። አክስትን በእናት ቦታ አስቀመጧት።

ከዶርም ጓደኞቻችን አንዱን ያሳደገችው የእናቱ እህት ነበረች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተደውሎ ማለፏ ተነገረው፤ ጀናዛዋ ከዐስር በኋላ ነው ተባለ። እኛ ዘንድ ቀብር እንደማይዘገይ ታውቃላችሁ። በማግሥቱ ፈተና ስለነበረው ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄደ። ቅጹ «ኢሚዲየት ፋሚሊ» ይላል፣ አክስት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፣ የሚወስን ሰው ስብሰባ ላይ ነው። እስከ 6 ሰዓት ጠብቆ ያለ ፊርማ ወጣ። ሲደርስ ሰው ከቀብር ተመልሶ ነበር። አላህ ይዘንላት። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ በመጀመሪያ ዓመት ሲመዘገብ በሞላው ወረቀት ላይ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ የቅርብ ሰው» በሚለው መስመር የተጻፈው የእሷ ስምና ስልክ ነው። አንዱ ወረቀት የቅርብ ሰው አላት፣ ሌላው አላወቃትም።

የቢሮው ሠራተኛ ክፉ ነበሩ አንልም፤ ያነበቡት የተጻፈውን ነው። ቅጹን የሚያዘጋጁ ግን ቃሉን ከሌላ ቦታ ገልብጠው ከሚተዉት ማንን ማለታቸው እንደሆነ ቢጽፉት ይሻላል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ ለሠራተኛ የሐዘን ፈቃድ ሲሰጥ ዘመድን በደረጃ ቆጥሮ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ይላል እንጂ «የቅርብ» ብሎ አይተወውም። ከዝርዝሩ ላይ «ያሳደገ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር ደግሞ ምን ይጎዳል?

እስከዚያው እኛ የምንችለው አለ። አያት፣ አክስት ወይም አጎት ያሳደጓችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስትመዘገቡ «አሳዳጊ» የሚለውን መስመር ባዶ አትተዉት። ከቀበሌም የአሳዳጊነት ማስረጃ አውጥታችሁ ማኅደራችሁ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ስልክ በተደወለበት ጠዋት ይህን ለመሮጥ ጊዜ አይኖርም። አሁን ፈተና ሳይደርስ ጥሩ ጊዜ ነው።