ሰሙ ደርሶ ወርቁ እንዳይቀር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ መንገድ የሚጓዝ ሰው፥ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲያያዘው ደብረ ሲናን ያገኛታል። ከዋናው ከተማ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገደኛ ሁሉ የሚያስታውሰው ቆሎዋን ነው፤ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታልና። እኛ በከተማይቱ የምንኖር ሰዎች ግን ደብረ ሲና ከቆሎ ሌላም ስንቅ እንዳላት እናውቃለን፤ ይኸውም በመንገድ ዳር የሚሰማው ዘፈንና ጨዋታ ነው።

ከተማይቱ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት ናት። የደጋው ገብስና ባቄላ ከይፋት ቆላ ከሚመጣው ማሽላና ማሾ ጋር በአንድ ገበያ ይገኛል። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ማሲንቆውን ያንጠለጠለ አዝማሪ አይጠፋም። ነሐሴ 13 ቀን፥ በቡሄ፥ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ቀድሞ ይኸን ሁሉ የሚያየው በሥፍራው የተገኘ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ማሲንቆው ገና ድምፁን ሲያሰማ ተመልካቹ ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል፤ የቀረጸውንም በቴሌግራም፥ በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ለወዳጅ ዘመዱ ሊልክ ይሞክራል። «ሊልክ ይሞክራል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም።

የኢንተርኔት መስመር ስፋት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ያ የጣርማ በር ዋሻ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ከዋሻው ውጭ መቶ የጭነት መኪና ቢሰለፍ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የዋሻው ወርድ የፈቀደው ያህል ብቻ ነው። የስልክ መስመርም እንዲሁ ነው። ተራራ በከለለው ሰፈር መስመሩ ደክሞ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ብቻ ያሳልፋል እንበል። የዛሬ ስልክ በጥራት የቀረጸው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 120 ሜጋ ባይት ያህል ሊመዝን ይችላል። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፥ ሒሳቡን የሠራ ተማሪ ያ አንድ ደቂቃ ለማለፍ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያህል እንደሚፈልግ ያገኘዋል። ያውም መስመሩ በመካከል ካልተቋረጠ ነው።

ያንኑ ቪዲዮ ሥዕሉን አሳንሰን ወደ 5 ሜጋ ባይት ብናወርደው ከ5 ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። ሥዕሉን ትተን ድምፁን ብቻ በደኅና ጥራት ብንልከው ደግሞ ግማሽ ሜጋ ባይት እንኳ አይሞላም፤ በ30 ሰከንድ ይደርሳል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ስልክ ገዝቶ ነበርና ይኸን ምክር አይቀበለኝም። «ጥራቱን ከቀነስሁት ምኑን ላክሁት?» ይለኛል። ማታ ስልኩን መስኮት ላይ አስደግፎ ይተኛል፤ ጧት ሲነሣ ቪዲዮው ከመንገድ ቀርቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንደዚህ ላለው ነው። እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ የማይኖር ሰው፥ መስመሩ ጠባብ ቢሆንም፥ ብዙ ነገር ሊያሳልፍ ይችላል።

ለዚህም ቪዲዮ እንዴት እንደሚታመቅ ማወቅ ይጠቅማል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል በሰከንድ 25 ወይም 30 ጊዜ የሚለዋወጥ ሥዕል ነው። የማመቂያው ጥበብ እያንዳንዱን ሥዕል እንደገና በሙሉ አይልክም፤ ካለፈው ሥዕል የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ይልካል። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ሳያነቃንቅ የቀረጸ ሰው፥ ከአዝማሪው እጅና ከፊቱ በቀር የሚለወጥ ነገር ስለማይኖር፥ ቪዲዮው ሲታመቅ ይቀልለታል። ወዲያና ወዲህ እያዞረ የቀረጸው ግን ግድግዳውም፥ ሰማዩም፥ ሕዝቡም አብሮ ስለሚለወጥ፥ ወይ ይከብድበታል ወይ ይደበዝዝበታል። እጅን ማርጋት ገንዘብ የማያስወጣ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ከክብደቱ የሚበልጥ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ጠባቡ መስመር ምኑን ያስቀርብን፥ ምኑን ያሳልፍልን የሚለው ነው። ይኸን ያስተማረችኝ ታናሽ እኅቴ ናት። እርስዋ በዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት ትኖራለች። ከሥራ የምታርፍባት ጥቂት ሰዓት ስትገኝ ከአገር የላክሁላትን ትሰማለች። አንድ ቀን በስልክ ስንነጋገር፥ «ወንድም ጋሼ፥ ሥዕሉ ቢደበዝዝ ግድ የለኝም፤ ግጥሙን ግን አትቁረጥብኝ» አለችኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ብዙዎቻችን ቪዲዮው እንዲያጥር ስንል ከመካከሉ 15 ሰከንድ ቆርጠን እንልካለን። ለእስክስታ ይኸ ይበቃ ይሆናል። የአዝማሪ ግጥም ግን ሰምና ወርቅ ነው። የፊተኛው ስንኝ ሰሙን ያነጥፋል፤ ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ ወርቁ አይገኝም። ደግሞም አዝማሪው ብቻውን አይዘፍንም፤ ከተመልካቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰጪውን ቆርጦ ተቀባዩን ብቻ መላክ፥ ወይም ሰሙን ልኮ ወርቁን ማስቀረት፥ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢጠራ ለሰሚው ባዶ ዕቃ ማድረስ ነው።

የቦታ ጥበት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የምንጃሩ ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ባስቀረጸ ጊዜ፥ የዚያን ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ገና ለሸክላ ሥራ አልደረሰም ነበርና ዘፋኙ ድምፁን የሚያስገባው በቀንድ መሰል መለከት ውስጥ ነበር። ነገር ግን ልኩን አስቀድሞ የሚያውቅ ዘፋኝ ቃሉን በልኩ መጥኖ ይጨርሳል። እኛ ግን ለአዝማሪው ምንም ሳንነግረው ቀርጸን፥ ኋላ እንደ ፈቀድን እንቆርጠዋለን። «ጌታው፥ ለሦስት ደቂቃ የሚሆን ይዝፈኑልኝ፤ ሩቅ አገር ላለች እኅቴ ልልከው ነው» ብንለው እኮ እርሱ ራሱ ከእኛ ይልቅ ያውቅበታል።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በኋላ በክልሉ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ጠባብ መስመር እንኳ ብርቅ ሆነ። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይተላለፍ ጀመር፤ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ መንገደኛም ሜሞሪ ካርድ በአደራ ይሰጠው ነበር። ያን ጊዜ የተላከ ዘፈን ሁሉ ማን እንደ ዘፈነው፥ የት እንደ ተዘፈነ ሳይጻፍበት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ባለቤቱ ጠፋ። ስምና ቦታ መጻፍ ግን ከአንድ ሥዕል ክብደት እጅግ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፈቃድም አንድ ቃል ልጨምር። ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ከደጅ ቆመው ቤተ ሰቡን በስም እየጠሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች የማያውቅ የለም። ይኸን ዜማ ቢተዉ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል አሮጌ እምነት አለና፥ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ፊታቸው በቀን እንዲታወቅ አይፈልጉም። በጨለማ የስልክ መብራት አብርቶ እነርሱን መቅረጽና ለዓለም ማሳየት ነውር ነው። እሺ ካሉም ድምፃቸውን ብቻ ይዞ መቅረት ይቻላል፤ ለመስመሩም ቢሆን የሚስማማው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ነገር ሽልማቱ ነው። በገበያ መካከል የሚዘፍን አዝማሪ የሚኖረው ግንባሩ ላይ በሚለጠፍለት ብር ነው። ቪዲዮው ሺህ ሰው ዘንድ ደርሶ አንድም ብር ካልተመለሰ፥ ሺሁ ሰው በነጻ ተጋብዞ ሄደ ማለት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ይኸ ምክንያት አያዋጣም። በ*127# ገንዘብ ለመላክ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። በዚያ ጠባብ መስመር ከሚመላለሰው ሁሉ እጅግ የቀለለው ሽልማቱ ነው፤ እኛ የምንረሳውም እርሱኑ ነው።

እኅቴ አልረሳችም። ባለፈው ገንዘብ ለቤት ስትልክ 200 ብር ለአዝማሪው እንድሰጥላት አዘዘችኝ። ሰጠሁት። ስሟን ጠየቀኝ፤ ወዲያው ማሲንቆውን አስተካክሎ በስሟ ገጠመላት። ስልኬን አጠገቡ አኑሬ ድምፁን ብቻ ቀረጽሁ፤ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው፥ አንድ ደቂቃም አልሞላም። እዚያው ቆሜ ላክሁት፤ ገንዘቡ አዝማሪው ኪስ ገብቶ ሳይሞቅ እርስዋ ዘንድ ደረሰ።

ስለዚህ እናንተ በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ባልንጀሮቼ፥ መስመሩ እስኪሰፋ ድረስ አንጠብቅ። ሥዕሉን እናሳንስ፤ ግጥሙን እንጨርስ፤ የዘፋኙን ስም፥ እርሱ ከፈቀደ፥ እንጻፍ፤ ከመላካችን በፊትም እጃችንን ወደ ኪሳችን እንስደድ።