ከየት መጣ? ወዴት ሄደ?

ባዮሎጂን የመረጥኩት ሒሳብ ፈርቼ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ አፍ አውጥቼ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። እኛ በተማርንበት ጊዜ ተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ሰው ፊዚክስና ሒሳብ ቢያስጨንቁትም፣ ጎበዝ ሸምዳጅ ከሆነ ባዮሎጂ አታሳፍረውም ይባል ነበር። በሽምደዳ ደግሞ የሚደርስብኝ አልነበረም። የሴል ክፍሎችን ከነሥራቸው፣ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችን ከነመፍለቂያቸው እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ በዚሁ ተመረቅሁ፣ ምደባ ሲወጣም መምህር ሆንኩ።

ትምህርቱን በሌላ ዓይን ያየሁት ከተመረቅሁ በኋላ፣ በክለሳ ሰሞን ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ የ9ኛና የ10ኛ ክፍልን ባዮሎጂ መከለስ የእኔ ድርሻ ሆነ። ተማሪው ከእኔ የሚፈልገው ሾርት ኖት ነው፤ አጭር፣ ጥርት ያለ፣ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ። ያለችንን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ በቃል ጥያቄ ጀመርኩ።

«ማይቶኮንድሪያ ምንድን ነው?»

«የሴሉ የኃይል ማመንጫ!» ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰ።

«ከምን ነው የሚያመነጨው?»

ዝም። ከኋላ አንዱ «ከኤቲፒ» አለ። ኤቲፒ የሚመረተው ነገር እንጂ ጥሬ ዕቃው አይደለም። የተጠየቀው ግን ያ ልጅ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ስሙን እንጂ መንገዱን ተከትዬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ርዕስ በሁለት ጥያቄ እከልሳለሁ፤ ይህ ነገር ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ?

መጀመሪያ የምጠይቀው በመስኮት ስለሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ሁሉ ግንድ ከየት መጣ? አብዛኛው ተማሪ «ከአፈር» ይላል፤ ጥቂቱ «ከውሃ»፣ ደፋሩ ደግሞ «ከፀሐይ»። ዛፉ አፈር በልቶ ቢሆን ኖሮ ሥሩ ዙሪያ ገደል በሆነ ነበር። ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪም ይህንኑ በሚዛን ፈትኖታል። 90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር በገንቦ አድርጎ፣ ከሁለት ኪሎ ብዙም የማይበልጥ የአኻያ ችግኝ ተከለና 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ፤ ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1648 ሲታተም፣ መደምደሚያው ዛፍ የሚሠራው ከውሃ ነው የሚል ነበር። እኩሌታውን አግኝቷል። የቀረው ከአየር የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ያን በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠውም።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የፎቶሲንተሲስን ቀመር ደብተራቸው ላይ አገላብጠው ያገኙታል። ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ቀመር ነው። ካርቦኑን በጣታቸው እየቆጠሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲከተሉት ግን እንጨቱ ውስጥ ያለው ካርቦን በሙሉ ከአየር መምጣቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ብርሃኑ ጉልበት ሰጠ እንጂ ክብደት አልጨመረም። አፈሩስ ምን ሰጠ? መልሱ ምድጃ ሥር አለ። አንድ ሸክም እንጨት ነዶ የሚቀረው አንድ እፍኝ አመድ፣ ያ በአብዛኛው ከአፈር የመጣው ማዕድን ነው። የቀረው ወደ መጣበት አየር ተመልሷል።

ቀጥዬ መንገዱን ወደ ኋላ አስኬዳቸዋለሁ። ወፍራም ሰው ሲከሳ ስቡ ወዴት ሄደ? «በላብ ወጣ»፣ «ጡንቻ ሆነ»፣ «ኃይል ሆነ» ይላሉ። ሰውነት 10 ኪሎ ስብ አቃጥሎ ሲጨርስ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውሃ ይሆናል። የከሳው ሰው ስቡን ተንፍሶት ነው ማለት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ሬስፒሬሽን እና መተንፈስ በአንድ ምዕራፍ ለምን እንደተጻፉ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ስለ ኢንዛይም ደግሞ የተማርኩት ከተማሪ ነው። ሙቀት ሲበዛ ኢንዛይም ቅርጹ ይበላሻል፣ ሥራውንም ያቆማል ብዬ ሰሌዳ ላይ ግራፉን ሥዬ ነበር። ምሳሌ ስፈልግ ትዝ ያለኝ ጠላ ነው። እናቷ ጠላ የምትጠምቅ ልጅ እንዳለች አውቃለሁና «ብቅሉ ስንት ደቂቃ ይቆላል?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር፣ ብቅል ይቆላል እንዴ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አሻሮው ነው የሚቆላው። ብቅሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።»

«ቢቆላስ?»

«ጠላው እምቢ ይላል።»

ቤቷ የምታውቀውን ነገር የእኔ ግራፍ ስም ሰጠው እንጂ አዲስ አልነገራትም። ገብስ ተነክሮ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ይነሣሉ። በፀሐይ ሲደርቅ ቡቃያው ማደጉን ያቆማል፣ ኢንዛይሙ ግን ይተርፋል፤ ምጣድ ላይ ቢቆላ እሱም አብሮ ይሞታል። ጋኑ ውስጥ ስኳሩን እርሾው ይቀበለዋል፤ አየር ባጠረው መጠን ከፊሉን አልኮል፣ ከፊሉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ያ የሚፍለቀለቀው አረፋ ገብሱ ማሳ ላይ ሳለ ከአየር የወሰደው ካርቦን ነው። አንድ ጋን ጠላ ኢንዛይምን፣ የዘር መብቀልን፣ ያለ ኦክስጅን የሚካሄድ ሬስፒሬሽንን በአንድ ላይ ያስከልሳል። የዚያን ዕለት ሾርት ኖት የጠየቀኝ አልነበረም።

ዘረመል ላይ ስንደርስ የሸሸሁት ሒሳብ ፊት ለፊት ጠበቀኝ። ሜንዴል ለመምህርነት ፈቃድ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ አላለፈም፤ ነገር ግን ቪየና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ሒሳብ ተምሯል። አተር ያዳቀለ ሰው ከእሱ በፊትም ነበር። እሱ ግን ቆጠረ። በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ ከ7,324 ፍሬ 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ው የተጨማደደ ነበር፤ ሦስት ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔ ይህን «ሦስት ለአንድ» ስንት ዓመት ሳስተምር በአራት ማዕዘን ሣጥን ውስጥ ፊደል ከመሙላት አልፌ አላውቅም። አሁን ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አደርግና አንድ አንድ ሳንቲም እንዲወረውሩ አዛለሁ። የአንበሳው ገጽ የሚገዛው ዘር ነው፤ ቢያንስ አንድ አንበሳ ከታየ አተሩ ክብ ነው። ከየጥንዱ የሚመጣው ቁጥር ይዘባረቃል፤ አንዱ ሁለት ለአንድ፣ ሌላው ስድስት ለአንድ ይዞ ይመጣና «ቲቸር፣ የእኛ ተሳስቷል» ይላል። የሁሉንም ሰሌዳ ላይ ደምረን ስናካፍል ግን ወደ ሦስት ይጠጋል። አራት ልጅ የወለዱ ወላጆች ሦስት ለአንድ መውለድ እንደሌለባቸው ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሽምደዳን ልራገም አይደለም። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ተማሪ ምርጫውን አያገኝም፣ እኔም እንጀራ የበላሁበት ነገር ነው። «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪም አዎ ብዬ አልዋሽም፤ የጠላው ነገር አይመጣም። ነገር ግን በቃል ብቻ የያዝነው ስም ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ይከዳናል። ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምናውቀውን ነገር ስሙ ቢጠፋብን እንኳ ከመልሶቹ መሐል ለይተን እናወጣዋለን።

የቀረችህ ሳምንት ብቻ ናት ካልከኝ፣ ማስታወሻህን እንደገና ከምታነብ ይህን ጥያቄ ውሰድ። ጨለማ ውስጥ፣ ውሃ ብቻ እየጠጣ ክንድ ያህል የበቀለ ባቄላ አለ። አድርቀህ ብትመዝነው ከመጀመሪያዋ ደረቅ ፍሬ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ለምን? መልሱን ከነምክንያቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ከጻፍክ ፎቶሲንተሲስንና ሬስፒሬሽንን ከልሰሃል፤ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ እለፍ።