ሁለት ጀግኖች በሽምግልናቸው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ፊልም እናይ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስም ከ«ራምቦ»ና ከ«ኮማንዶ» ማን ይበልጣል እያልሁ ከታላቅ ወንድሜ ጋራ እከራከር ነበር። እርሱ የሲልቨስተር ስታሎን ወገን ነው፤ እኔ ደግሞ የአርኖልድ ሽዋርዘኔገር።

ሁለቱ ዋነኞች ሆነው በአንድነት የሠሩት «ኢስኬፕ ፕላን» የተባለው ፊልም የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ነው። እኔ ግን ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ወንድም ጋሼ ሥራውን በተወ ሰሞን፣ ላጫውተው ብዬ ቤቴ ጠርቼው ነው።

አሳቡ መልካም ነበር። ስታሎን እስረኛ መስሎ እየገባና እያመለጠ የወህኒ ቤቶችን ጕድለት የሚመረምር ሰው ነው። በኋላ በተንኮል ከማያውቀው ወህኒ ይጣላል፤ እዚያም ከአርኖልድ ጋራ ይወዳጃል። ወህኒውም በባሕር ላይ ያለ መርከብ ሆኖ ይገኛል። አርኖልድ ለብቻው ተዘግቶበት ሳለ፣ ጓደኛው ፋታ እንዲያገኝ ብሎ ያበደ መስሎ በአፍ መፍቻው በጀርመንኛ ይለፈልፋል። እዚህ ላይ ጡንቻም ጠመንጃም የለም፤ ሰውየው ግን ከቀድሞው ይልቅ ገዝፎ ታየኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሳዘነኝ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት አንዱ 67፣ ሁለተኛው 66 ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን በጎልማሳነታቸው ያደረጉትን ሁሉ አስደገሟቸው። ቡጢው ያው ቡጢ ነው፤ በመጨረሻ አርኖልድ የሚያነሣውም መትረየስ ያው መትረየስ ነው። ልጅ ሳለሁ ያስጨበጨበኝ ነገር አሁን አሳፈረኝ።

«እነዚህ ሽማግሎች አርፈው ቤታቸው ቢቀመጡ ምናለ!» ብዬ ሣቅሁ።

ወንድም ጋሼ አልሣቀም። ያን ጊዜ ነው የተናገርሁት የታወቀኝ። እርሱ መካኒክ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያነሣ ኖሮ ወገቡ ተጎድቷል። ባለ ጋራዡ «ልጆቹን አስተምርልኝ» ብሎ ቢለምነው፣ «ቁጭ ብዬ ጣቴን እየቀሰርሁ እንጀራ አልበላም» ብሎ እንቢ ማለቱን ሰምቼ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ቃሉ ግን ከአፌ አልወጣም።

ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ያችን በጀርመንኛ የለፈለፈባትን ቦታ እስቲ መልሳት» አለኝ።

መለስኋት። ሁለት ጊዜ አየናት፤ በሁለተኛው ድምፁን ከፍ እንዳደርግለት ጠየቀኝ።