የተረሳው መንገድ በሃረና

ሰው የተለየው መንገድ ውሎ አድሮ ዱር ይሆናል። ይህን ስንሰማ ኖረን በዓይናችን ያየነው ግን ባለፈው ጥር በባሌ፥ በሃረና ጫካ ነው።

ከጎባ የተነሣው የመኪና መንገድ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ፥ አስታውንና ኮሶውን እያለፈ ወደ ሪራ ይወርዳል። በሪራ አጠገብ በቀርከሃው ውስጥ የሚያልፍ የቆየ የእግርና የበቅሎ መንገድ አለ፤ መኪና ከተለመደ ወዲህ ግን ተረስቷል። የመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት አቧራ እየዋጡ፥ ከመኪና እየሸሹ ስለ ሆነ፥ የቀድሞውን መንገድ ከፈቃደኞች ጋራ ለመጥረግ አሰብን። ቦታው ግን በ1962 ዓ.ም. በተቋቋመው፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነውና፥ ፈቃድ ከመጠየቃችን አስቀድሞ የሚቆረጠውን ለይተን ልናውቅ ይገባን ነበር።

ስለዚህ ጥቂት ሆነን ነጭ ብጥስጣሽ ጨርቅ ይዘን ገባን። መሪያችን የአገሩ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በመንገዱ ላይ ተጋድሞ ወይም አዘንብሎ ባገኘነው ሁሉ ላይ ጨርቅ አሰርን፤ እስከ ቀትርም 40 ምልክት ሞላ። ብዙ የሠራን መስሎን ደስ አለን። ወደ ኋላ ዘወር ባልን ጊዜ ግን ሽማግሌው ያሰርነውን እየፈቱ ሲመጡ አየናቸው።

ተቈጣን። «አባታችን፥ ስለ ምን ድካማችንን ያፈርሱብናል?» አልናቸው። እሳቸውም በዝግታ «ልጆቼ፥ ይህ ቀርከሃ የጦጣው እንጀራ ነው፤ በዚያኛው ዛፍ ላይም የጎረቤቴ ቀፎ ተሰቅሏል» አሉን። እውነትም የባሌ ጦጣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ፥ በዚህ ጫካም ምግቡ ይበልጡን የቀርከሃ ለጋ ቅጠል የሆነ እንስሳ ነው። ቀና ብንል ቀፎውን አየነው፤ ቀድሞ ግን ቀና ያለ ከመካከላችን አልነበረም።

ጥቂት እንደ ሄድን ከእኛ አንዱ በሣሩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ። ሣሩን ብንገልጠው ጎርፍ የመንገዱን መካከል ቦርቡሮ ጉድባ አድርጎታል። ሽማግሌው «ሰውን ከዚህ ያባረረው ውሃው ነው፤ ዱሩ ኋላ የመጣ ነው» አሉ። ቀርከሃውን ቆርጠን ብቻ ሄደን ቢሆን ኖሮ፥ በሚመጣው ክረምት ጎርፉ ያለ ከልካይ መሬቱን ባጠበው፥ ልጆቹም ወደ መኪናው መንገድ በተመለሱ ነበር።

ማታ ስንመለስ ከ40ው ምልክት የቀረው 9 ብቻ ነበር፤ እነርሱም የወደቁና የደረቁ ናቸው። ለፈቃደኞቹ «ገጀራ ይዛችሁ ኑ» ብለን የነበረውን ቃል ለውጠን፥ ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጣ ቦይ ለመቆፈርና ድንጋይ ለመደርደር «ዶማና አካፋ ያዙ» ብለን ላክንባቸው።

የተፈቱትን 31 ጨርቆች ጠቅልለን ወደ ቤት አመጣናቸው። ልጆቻችን «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ቢጠይቁን፥ «ሳናይ ልንቆርጠው የነበረው ነው» ብለን መለስንላቸው።